ለቡችላችን ምን ስም እናውጣላት? አንድ ጥያቄ ከሐዋሳ፣ ከነመልሶቹ

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምንኖረው ሐዋሳ ነው፤ አራት ቤተሰብ በአንድ በር በሚገባበትና በሚወጣበት ግቢ። በቱላ በኩል ያሉ ዘመዶቻችን ውሻቸው ስትወልድ አንዲት ሴት ቡችላ ሰጡን። ሁለት ወር ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል። መልኳ ፈዘዝ ያለ፣ ከአመድማና ከቡናማ መካከል የሆነ ነው፤ ደረቷ ላይ ብቻ ነጭ አለባት። ትበላለች፣ ትጫወታለች፣ የሰው ጫማ እየጎተተች ትሰውራለች፤ ስም ግን የላትም።

በቤታችን ሦስት ስሞች ቀርበዋል። ሴት ልጄ ሉሲን መረጠች። በዚያ ስም የምትጠራ ሕፃን ግን እዚያው ግቢያችን ውስጥ አለች፤ እናትየዋ ልጇን ለምሳ ስትጠራ የእኛ ውሻ ሮጣ ብትመጣ ደስ የሚላት አይመስለኝም። ወንድ ልጄ ታቦር ትባል አለ፤ ማለዳ በር ስንከፍት ፊት ለፊት የምናየው ተራራው ስለሆነ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ አማተበች። ደብረ ታቦር ነሐሴ 13 ቀን የሚከበር የጌታ በዓል መሆኑን፣ ስሙንም ለውሻ መስጠት ድፍረት እንደሆነ ነገረችው፤ እኔም በዚህ ከእርሷ ጋር ነኝ። ባለቤቴ ቡቺ ብለን ነገሩን እንድንቋጨው ይፈልጋል። ቡቺ ክፉ ስም አይደለም። ነገር ግን በእኛ መንገድ ላይ አንድ ሰው ቡቺ ብሎ ቢጣራ ከየአጥሩ ሥር ብቅ የሚለው ውሻ ብዙ ነው።

እኔ የማምነው የውሻ ስም የአደባባይ ስም እንደሆነ ነው። ልጅን ቤት ውስጥ ቀስ ብለን ልንጠራው እንችላለን። ውሻ የሚጠራው በር ላይ፣ መንገድ ላይ፣ አምልጦ ሲሮጥ፣ አላፊ አግዳሚው እየሰማ፣ በሙሉ ድምፅ ነው። ስለዚህ ጎረቤትን የማያስከፋ፣ የማንንም ሃይማኖት የማይነካ፣ እናቴም ትንሿ ልጄም ሳይቸገሩ የሚጠሩት ስም እፈልጋለሁ። የሰው ስም ባይሆን እመርጣለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ? የእናንተን ውሻ ስምስ እንዴት አወጣችሁ?

መልሶቹ

በኋላ ገብታችሁ ለምታነብቡ እንዲቀልላችሁ የመልሶቹን ፍሬ ነገር በየቁጥራቸው እየነገርኩ፣ የተሰማኝንም እየጨመርኩ አስቀምጣለሁ።

መልስ 1። ከአዳማ የጻፉ እናት በትሕትና ሰላምታ አቅርበው፣ ቡችላዋ እንድታድግልን መርቀው፣ አንድ ምክር ሰጡ፤ እንዳንቸኩል። እርሳቸው ውሻቸውን ስም ሳያወጡለት አቆይተው ጠባዩን ካዩ በኋላ፣ ከኩሽና ወደ ጓሮ ከጓሮ ወደ በር ሁልጊዜ ከኋላቸው ስለማይጠፋ ጥላዬ ብለውታል። ምክሩ ወደድኩት። ስሙም ያምራል።

መልስ 2። ይህ ሰው ሰላምታም ሳያበዛ ጃክ፣ ማክስ፣ ሮኪ፣ ሬክስ፣ ቦቢ፣ ቻርሊ ብሎ ደረደረና አንዱን እንድመርጥ ነገረኝ። ሁሉም የወንድ ናቸው፤ ቡችላዋ ሴት መሆኗን ጽፌ ነበር።

መልስ 3። ዕድሜያቸው የገፋ የሚመስሉ አባት በመልስ 2 ላይ ተቆጡ። በአገራችን ግቢ ተወልዶ፣ የእኛን እንጀራ በልቶ፣ የእኛን በር የሚጠብቅ ውሻ ስሙ ብቻ ከባሕር ማዶ የሚመጣበት ምክንያት አልገባቸውም። አማርኛ ቃል ጠፍቶት አያውቅምና ከቋንቋችን እንድንፈልግ አሳሰቡ። ከልባቸው የተቆረቆሩ ናቸው፤ አነጋገራቸው ግን መልስ 2ን የጻፈውን ወጣት አሳንሶ ነበር።

መልስ 4። አንዲት ሴት ለእኚህ አባት የሰጡት መልስ እስካሁን አስቤው የማላውቀውን ነገር አሳየኝ። ደግ ትርጉም ያለው የአማርኛ ቃል ሁሉ ማለት ይቻላል የሰው ስም ሆኗል። ተስፋ፣ ሰላም፣ ደስታ፣ ብርሃን፣ ፍቅር፣ ጎበዜ፣ ነጋ፤ የትኛውንም ብናነሣ በሰፈሩ ውስጥ በዚያ ስም የሚጠራ ሰው አይጠፋም። መልስ 1 ላይ ያለው ጥላዬ ሳይቀር የብዙ አባቶች ስም ነው። ስለዚህ ሰዎች ጃክ ወይም ቦቢ የሚሉት አገራቸውን ንቀው አይደለም፤ ጎረቤታቸውን ላለማስከፋት ሲሉ ማንም የማይጠራበትን ስም ይፈልጋሉ። እንደ ጸሐፊዋ አስተያየት የባዕዱ ስም የአብሮ መኖር ጨዋነት ነው። እኔ የባዕድ ስም አልፈልግም፤ ነገር ግን ከዚህ በኋላ ሮኪ ብሎ የሚጣራ ሰው ስሰማ የምገምተው ሌላ ነገር ነው።

መልስ 5። ከአቶቴ የጻፉ የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ በዚህ ውይይት ውስጥ ከሁሉ የጠቀሙኝ እርሳቸው ናቸው። ስሙ አጭር፣ ሁለት ሆሄ ቢሆን ጥሩ ነው፤ አጀማመሩም እንደ በ፣ ደ፣ ከ፣ ተ ባለ ጠንከር ያለ ድምፅ ቢሆን ከሌላው ጫጫታ ተለይቶ ይሰማል። በየቀኑ ከምንሰጠው ትእዛዝ ጋር መመሳሰል የለበትም፤ ነይ፣ ተይ፣ ቁጭ በይ ከምንለው ጋር የሚቀራረብ ስም ውሻዋን ያምታታታል። ከቤተሰቡ አባል ስም ጋርም እንዲሁ። የውሻ ጆሮ ከሰው ይልቅ ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ የሰው እስከ 20,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ገደማ ሲሆን የውሻ እስከ 45,000 ገደማ ነው። መጮኽም አያስፈልግም፤ አፍ አውጥቶ በጥራት መጥራት ይበቃል። ስሟን ለማስተማር ስሟን ጠርቶ ወዲያው ጥቂት ምግብ መስጠት ነው። አንድ ነገር አጥብቀው ከለከሉ፤ በስሟ ጠርተን ስትመጣ መምታትን። ስሟ የምት መጥሪያ ከሆነ ሁለተኛ አትመጣም። ይህን ለልጆቼ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው።

መልስ 6። መምህር ነኝ ያሉ ሰው ከሐኪሙ ጋር በአብዛኛው ይስማማሉ፤ ውሻ ረጅም ስም አይገባውም የሚል ግምት ግን እንዳያድርብን ፈለጉ። በአሜሪካ ቼዘር የተባለች የቦርደር ኮሊ ዝርያ ውሻ ጆን ፒሊ የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁር አሠልጥነዋት የ1,022 መጫወቻዎችን ስም ለይታ ታውቅ ነበር። አጭር ስም የሚያስፈልገው ለእኛ ምላስ እንጂ ለእርሷ አእምሮ እንዳልሆነ ጻፉ። ልጄ ይህን ሰምታ ለእያንዳንዱ የቤታችን ጫማ ስም ልታወጣለት ተነሥታለች።

መልስ 7 የመልስ 3 አባት ናቸው። ረጋ ብለው ተመለሱ። የመልስ 4ን ምክንያት ተቀብለው፣ ወጣቱንም ይቅርታ ጠይቀው፣ የሰው ስም ያልሆነ የአማርኛ ቃል ግን ፈላጊ አጣ እንጂ አልጠፋም በሚለው አቋማቸው ጸኑ።

መልስ 8፣ 9፣ 10 እና 11ን አንድ ላይ ብናገር ይሻላል፤ ጠቡ የተጀመረው እዚህ ነውና። መልስ 8ን የጻፈው ሰው የፈረስ ስሞችን አመጣ። አባ ታጠቅ የዐፄ ቴዎድሮስ፣ አባ በዝብዝ የዐፄ ዮሐንስ፣ አባ ዳኘው የዐፄ ምኒልክ፣ አባ ጠቅል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ አባ መላ የደጃዝማች ባልቻ መሆናቸውን ዘርዝሮ፣ ከእነዚህ አንዱን አባ የሚለውን ጥለን ብንሰጣት ታሪክ እናስታውሳለን አለ። መልስ 9 ወዲያው አረመው፤ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ናቸው፣ አባ መላ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ነው። እርማቱ ትክክል ነው፤ አጻጻፉም ጨዋ ነበር።

መልስ 10 ግን እሳት ነበር። የፈረስ ስም የፈረሱ ብቻ እንዳይመስለን አስጠነቀቁ። ጌታው ራሱ የሚሞገስበት፣ ሠራዊቱ የሚፎክርበት፣ አልቃሽም ሙሾ የምታወርድበት የክብር ስም ነው፤ አባ ዳኘው ብሎ የጠራ ምኒልክን ጠራ። እንዲህ ያለውን ስም በአጥር ሥር ለሚሮጥ ቡችላ መስጠት ታሪክን ማስታወስ ሳይሆን ማዋረድ ነው አሉ። መልስ 11ን የጻፈው ያው የመልስ 8 ሰው ሲሆን፣ ውሻን እንደ ውርደት የሚቆጥር ሰው ውሻ ምን እንደሆነ አያውቅም ብሎ መለሰ፤ ከዚያም በኋላ የማልደግመውን ቃል ጨመረበት። ቃሉ ከውይይቱ ቢወጣ ደስ ይለኛል። በፍሬ ነገሩ ግን ከመልስ 10 ጋር ነኝ። ፈረሱ ከጌታው ጋር ጦር ሜዳ ወርዷል፤ ስሙንም ከዚያ አግኝቷል። የእኛዋ ገና ከበሩ አልወጣችም።

መልስ 12። ነገሩን ለማብረድ የገባች ወጣት ሁለት ስሞች ሰጠች። አንዱ ሉሉ ነው፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ የቺዋዋ ውሻ ስም። ሌላው ላይካ ነው፤ በ1957 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሶቪየቶች ወደ ጠፈር የላኳት ውሻ። ላይካ ለጥቂት ጊዜ በቤታችን ተቀባይነት አግኝታ ነበር፤ ሴት፣ አጭር፣ የማንም ጎረቤት ስም ያልሆነ። በኋላ ልጄ ላይካ ወደ ምድር ተመልሳ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንዳልተመለሰች ስነግራት ስሙን ራሷ ተወችው።

መልስ 13። ይህን መልስ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጎጃም ተወልደው ሐዋሳ የሚኖሩ ሰው ናቸው። በእርሳቸው አገር የውሻ ስም ለውሻው ብቻ አይወጣም፤ ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነው። አያታቸው ከአንድ ዘመዳቸው ጋር በድንበር ተጣልተው፣ ሰውዬው ድንበር ገፍቷል ብለው ያምኑ ነበርና፣ ውሻቸውን አይጠግብ አሉት። ማለዳና ማታ ያ ሰው ሲያልፍ ውሻው ይጠራል። ሰውዬውም ዝም አላለም፤ የራሱን ውሻ ምን አገባህ አለው። ሁለት ውሾች ምንም ሳያውቁ የሁለት ቤት ነገር ተሸክመው ኖሩ። በመጨረሻ ሽማግሌ ገብቶ ድንበሩ ሲለካ ከእርቁ ቃል አንዱ የውሾቹ ስም እንዲቀየር ነበር። ጸሐፊው የጨመሩት ነገር አሳዘነኝ፤ የአያታቸው ውሻ በአዲሱ ስሙ ሲጠራ አልመጣ ብሎ ቤተሰቡ ለረጅም ጊዜ ተቸግሯል።

መልስ 14ን የጻፈችው የእኛው ከተማ ነዋሪ ናት። የተከራየችበት ግቢ ባለቤት ከአንዲት ጎረቤት ጋር ስለ ውኃ ተጣልተው ውሻቸውን በዚያች ሴት የቁልምጫ ስም እንደሚጠሩ፣ ሴትዮዋ በመንገድ ላይ ስታልፍ ልጆች እንደሚስቁባት ጻፈች። ይህ ስም ሳይሆን ድንጋይ ነው አለች፤ እኔም እንደዚያው ይሰማኛል። ውሻ የሰው ቂም ማስተላለፊያ ሲሆን የሚጎዱት ሁለት ናቸው፤ የተሰደበው ሰውና፣ በፍቅር ያልተጠራው እንስሳ።

ነገር ግን መልስ 15 ሌላውን ወገን አቀረበ፤ ጽሑፉም ቀላል አልነበረም። የእናቱን ታሪክ ነው የጻፈው። እናቱ ባሏ የሞተባት፣ ልጆች ይዛ የቀረች፣ በገጠር ቀበሌ ጉልበተኛ ዘመድ መሬቷን የነጠቃት ሴት ነበረች። ሙግት የምትቆምበት ገንዘብ አልነበራትም፤ ፊት ለፊት ብትናገር የሚደርስባትን ታውቃለች። ውሻዋን እግዜር ያያል አለችው። በየማታው በሯ ላይ ቆማ ስትጠራው ሰፈሩ ሁሉ ለማን እንደሆነ ያውቃል፤ ማንም ግን ሊከሳት አይችልም። ጸሐፊው እንዲህ ያለውን ስም ከመልስ 14ቱ ስድብ ጋር አንድ እንዳናደርገው አጥብቆ ለመነ። ልክ ነው። ደካማ ሰው በውሻው ስም አቤት ቢል አልፈርድበትም። ጉልበት ያለው ሰው በውሻው ስም ሲሳደብ ግን ዝም ማለት አልችልም። እኔ ከጎረቤቶቼ ጋር ቂም የለኝም፤ ስለዚህ የእኔ ቡችላ መልእክት የምትሸከምበት ምክንያት የላትም።

መልስ 16። ሙስሊም መሆናቸውን ገልጸው የጻፉ አባት ናቸው፤ አነጋገራቸው ከሁሉም የታረመ ነበር። በእምነታቸው የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ መታጠብ እንዳለበት፣ ለጥበቃና ለአደን የሚያዝ ውሻ ግን የተፈቀደ መሆኑን አስረዱ። ከዚያም በቁርኣን ምዕራፍ በሱረቱል ካህፍ ስለተነገረላቸው የዋሻው ወጣቶች አነሡ። ለ309 ዓመት ሲተኙ ውሻቸው የፊት እግሮቹን በዋሻው ደጃፍ ዘርግቶ ነበር፤ በተፍሲር (በቁርኣን ማብራሪያ) ትረካዎችም ስሙ ቂጥሚር ነው። ይህንን ያነሡት ስሙን እንድንወስደው አልነበረም። በእምነት ሰዎች ዘንድም ውሻ ባለ ስም ሆኖ መቆየቱን ሊነግሩን ፈልገው ነው። የጠየቁን አንድ ነገር ነው፤ በየትኛውም እምነት የከበረ ሰው ስም እንዳንነካ። ጎረቤቴም እንደ እርሳቸው ያለ ሰው ነው፤ የቡችላዋ ውኃ መጠጫ ከእነርሱ በር እንዲርቅ አድርገናል።

መልስ 17 ለዚህ ምስጋና አቅርበው፣ በመጽሐፈ ጦቢትም ጦብያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር መንገድ ሲወጣ ውሻው አብሯቸው እንደሄደ አስታወሱ። የዚያ ውሻ ስም አልተጻፈም። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚለውን አባባል ጠቅሰው መልአኩ በአጠገቡ እያለ ስሙ አለመጻፉ ሲያስገርማቸው እንደሚኖር ነገሩን።

መልስ 18 ላይ መንገዱ ተሰበረ። አንድ ሰው ሰው የሚበላው ባጣበት አገር ስለ ውሻ ስም ይህን ያህል መጻፍ ነውር መሆኑን ጻፈ፤ ቤተሰቤንም ጥጋበኛ አለ። ከመልስ 19 እስከ 22 ያሉት በእርሱ ላይ የዘነቡ ናቸው፤ ሁሉንም አልዘረዝርም። ከእነርሱ መካከል መልስ 20 ብቻ የሚጠቅም ነገር ተናገረች። ጎዳና ላይ የሚያድሩ ልጆች ከጎናቸው ለሚያድረው ውሻ ስም እንዳላቸው፣ ያላቸውንም ቁራሽ እንደሚያካፍሉት በፒያሳ በየቀኑ እንደምታይ ጻፈች። ስም ማውጣት የሀብታም ነገር አይደለም። ለመልስ 18ም በበኩሌ የምለው፣ ለተራበ መራራት ለእንስሳ መራራትን አይከለክልም።

መልስ 23 ከርዕሱ ራቀ፤ ነገር ግን ልተወው አልቻልኩም። በሚኖርበት ከተማ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለማጥፋት የተመረዘ ሥጋ ሲበተን የእርሱ ውሻ በልቶ እንደሞተበት ጻፈ። አንገቱ ላይ ማሰሪያ እንኳ አልነበረውም። የት ከተማ እንደሆነ አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። መልስ 24 የሐኪሙ ነው፤ ከሐዘኑ ተነሥተው ወደ ሥራው ወሰዱን። በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው በውሻ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ቡችላ በ3 ወሯ የመጀመሪያውን ክትባት ታገኛለች፤ ከዚያ በኋላ እንደ ሐኪሟ ትእዛዝ ይደገማል። ውሻ የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፣ ወዲያውም ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ ጠበልም ሆነ ቅጠል ይህን አይተካም። ክትባት ያገኘች ውሻ አንገቷ ላይ ማሰሪያ ይኑራት፤ ካርዷም ይጠበቅ። እዚህ ላይ ወደ ጥያቄዬ ተመለሱ። በካርዱ ላይ ስም የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ብዙ ሰው ያን ቦታ ባዶ ትቶት ይሄዳል፣ ወይም ውሻ ብሎ ያስጽፋል። ስም ያላት ውሻ ባለቤት እንዳላት ትታወቃለች አሉ።

መልስ 25 ደግሞ አሳቀን። ጸሐፊው በሐይቁ ዳር ዓሣ በሚሸጥበት በአሞራ ገደል አካባቢ ያደገ ነው። ውሻው ጢሙ ረጅም ስለሆነ በባለ ጢሙ ዓሣ ስም አምባዛ ብሎታል። ማለዳ ዓሣ ሲራገፍ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት ለመልቀም ተሰልፈው ሲጠብቁ ውሻው መካከላቸው ይገባል። እርሱ አምባዛ እያለ ሲጣራ ዓሣ ገዢዎች ዋጋ ይጠይቁታል። ቆሮሶ የሚባለውን ሌላ ዓሣ እየጠሩ የሚሸጡትም ገበያቸውን እንደሚያበላሽባቸው ነግረውታል። ሐኪሙ ከሥሩ ገብተው የተጠበሰ ዓሣ አጥንት ለውሻ እንዳይሰጥ አስጠነቀቁት፤ ጉሮሮና አንጀት ይወጋልና።

መልስ 26። የቆየሁት ይህን ልነግራችሁ ነው። አንድ የገጠር ሰው፣ የመልስ 3ንና የ7ን አባት ጥያቄ አንሥቶ፣ የሰው ስም ያልሆነ የአማርኛ ቃል የት እንዳለ አሳየ። የከብትና የፈረስ መልክ ነው። ዳማ፣ ቡሬ፣ ቦራ፣ ዳለቻ፣ ሐመር፣ ቡላ። አባቶቻችን በሬያቸውን በመልኩ ጠርተው አርሰውበታል፤ ፈረሳቸውን በመልኩ ጠርተው ጭነውታል። ማንም አይከፋበትም፣ ማንንም አይነካም፣ እንስሳውንም በትክክል ይገልጸዋል። ቡችላዋ ፈዘዝ ያለች ከሆነች ቡላ መባል ትችላለች አለ። እንዳነበብኩት ለእናቴ አነበብኩላት። ከመጀመሪያው ጀምሮ ለውሻ ስም ምን ያደርጋል ስትል የቆየችው እናቴ ቡላ ፈረስ የነበረውን የአጎቷን ታሪክ ጀመረች፤ ሌሊቱ እስኪገፋ አላቆመችም።

መልስ 27 ተቃወመ። በሲዳማ ምድር ቁጭ ብሎ ቡላ የሚል ስም ለውሻ መስጠት ትልቅ ጥፋት መሆኑን ጻፈ። ቡላ ከእንሰት ምርት ምርጡ ነው፤ ለአራስና ለክቡር እንግዳ ገንፎ ሆኖ በቅቤ የሚቀርብ ነው። እህልን በውሻ መጥራት ነውር ነው አለ። ይህ ተቃውሞ አስጨነቀኝ፤ በመነሻዬ ማንንም የማያስከፋ ስም ብዬ ነበርና።

መልስ 28 ግን ከዚያው ከእንሰቱ ቤት መጣ። ጸሐፊዋ የሲዳማ ተወላጅ ናት፤ ልጅ ሆና እናቷ እንሰት ሲፍቁ፣ ጭማቂው ተጠልሎ ነጩ ዱቄት ከሥር ሲዘቅጥ እያየች አድጋለች። በእርሷ አስተያየት ነውር የሚሆነው ስሙ ለንቀት ሲወጣ ነው። አንድ ቤተሰብ የሚወደውን እንስሳ በነጭነቱና በምርጥነቱ በሚታወቅ ነገር ቢጠራ እርሷን አያስከፋትም። ለሁሉም ሲዳማ ልትናገር እንደማትችልም ጨመረች፤ ጎረቤቶቼን ራሴ ሄጄ እንድጠይቅ መከረችኝ። ጠየቅሁ። በግቢያችን ካሉት ሌሎች ሦስት ቤተሰቦች አንዱ የሲዳማ ነው፤ የቤቱ እናት ቡችላዋን አንሥተው አይተው ስሙ መልኳን እንደሚመስል ነገሩኝ።

መልስ 29 ሐኪሙ ናቸው፤ ማንም ያላየውን አዩ። ቡላ ብላ ከምንለው ጋር ይቀራረባል። ውሻው ወንድ ቢሆን ኖሮ በየምግብ ሰዓቱ ስሙና ትእዛዙ ይደበላለቁበት ነበር። ሴት ስለሆነች ብዪ ስለምንላት ችግር የለም፤ ብቻ ቤተሰቡ ሁሉ በሴት አንቀጽ እንዲጠራት፣ አንዱ ና ሌላው ነይ እንዳይላት አሳሰቡ። ባለቤቴ እስካሁን በወንድ አንቀጽ ነበር የሚያናግራት፤ ልጆቹ ያርሙታል።

መልስ 30 የመልስ 3 አባት ደስታ ነው። መልስ 31 የጃክና የማክስ ወጣት ሲሆን፣ አሁንም ሮኪ ለሴትም እንደሚሆን ያምናል። መልስ 32 ከመልስ 27 የመጣ ነው። አልተቀበለውም፤ የአንድ ጎረቤት ፈቃድ የሁሉም ፈቃድ አይደለም ብሎ ጽፏል። ይህን ተቃውሞ አከብራለሁ። በመንገድ ላይ ስሟን ስጠራ የሚከፋው ሰው ካለ ቆሜ ምክንያቴን እነግረዋለሁ፤ የእርሱንም እሰማለሁ። ነገር ግን ስሟ ቡላ ነው። ልጆቼ ከሁለቱም ወገን ያለውን አንብበው፣ እናቴም ተስማምታ የወሰንነው ነው፤ ስትጠራም ጆሮዋን አንሥታ መምጣት ጀምራለች።

3 ወር ሲሞላት ወደ ክትባት እንወስዳታለን፤ ካርዱም ላይ ይኸው ስም ይጻፋል። እስከዚያው ድረስ ለሐኪሙም ለሌሎቻችሁም አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ሌሊት ጅብ ሲጮኽ እርሷም ተነሥታ ትጮኻለች፣ በግቢው ያለ ሕፃንም ይነቃል። በረንዳ ላይ የምትተኛበትን ቦታ ብንቀይር ይረዳል ወይስ ወደ ውስጥ እናስገባት? የሞከራችሁት ካለ መልስ 33 ብላችሁ ጻፉልኝ።